የቦርከናን ዳር አፈር ብክለት በካርታ ለማሳየት፦ ናሙናን፣ መለኪያንና ካርታን እንዴት መምረጥ ይቻላል?

ቦርከና ከደሴ በኩል ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ወደ ከሚሴና ወደ ጨፋ ሜዳ ሲሄድ የተሸከመውን ደለል ግራና ቀኝ እያራገፈ ነው። ክረምት ላይ ሙላቱ ማሳው ላይ ይተኛል። በበጋ ያው ውኃ በሞተር ተስቦ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጎመን ያጠጣል። ሣር በሚጠፋባቸው ወራት ደግሞ ከአፋር በኩል የሚመጣው ከብት ሳይቀር ጨፋ ላይ ይግጣል። ከላይ ሁለት ትልልቅ ከተሞች አሉ፤ ኮምቦልቻ ላይ የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች ይሠራሉ። አፈሩ ክሮሚየም፣ ዚንክ፣ እርሳስ፣ መዳብና ካድሚየም ምን ያህል እንደያዘና የት የት እንዳከማቸ ማወቅ የብዙ ቤተሰብ ማዕድ የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ይህን ካርታ ለመሥራት የሚነሳ ተመራማሪም ሆነ የወረዳ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መሣሪያውና ስለ ሶፍትዌሩ ነው። ወሎ ላይ ግን ካርታ የሚያሳስቱት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ውጤቱ ከምን ጋር እንደተነጻጸረ፣ ናሙናውም ከወንዙ ዳር ከየትኛው ቦታ እንደተነሳ። ገንዘብና ጊዜ ሲያንስ መቆጠብ ያለበት ከመሣሪያው እንጂ ከእነዚህ ከሁለቱ አይደለም። ከታች ያለው ንጽጽርም እነሱ ላይ ይረዝማል።

ካርታው የሚመልሰው የትኛውን ጥያቄ ነው?

«ብክለት አለ ወይ?» ብሎ መነሳት ለምርጫ አይበቃም። ጥያቄው «ፋብሪካና ከተማ የጨመሩት ምን ያህል ነው?» ከሆነ ጠቅላላውን መጠን መለካትና ጥሩ መነሻ ልክ (ብክለት ያልደረሰበት አፈር በተፈጥሮው የሚይዘውን መጠን) መያዝ ያስፈልጋል። «አትክልቱ ይበላል ወይ?» ከሆነ ደግሞ የአፈሩ ጠቅላላ መጠን ብቻውን ምንም አይነግርም። ተክሉ ሊወስደው የሚችለውን ክፍል ዲቲፒኤ በሚባል፣ ያንን ክፍል ከአፈሩ በሚያወጣ ኬሚካል መለካት፣ ከዚያም ቅጠሉንና ሥሩን ራሱን መመርመር ግድ ነው። «ከየት መጣ?» ለሚለው ከማሳ አፈር ይልቅ የወንዙን ወለል ደቃቅ ደለል ከእያንዳንዱ ገባር መግቢያ በላይና በታች ማንሳት ይሻላል። ሦስቱን በአንድ ዘመቻ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ብዙውን ጊዜ አንዱንም በቅጡ አይመልስም።

መነሻ ልክ፦ አራት አማራጮች

የወሎ ደጋ በአብዛኛው የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ ከፈሰሰው ባዛልት ነው። ባዛልት በተፈጥሮው ክሮሚየም፣ ኒኬል፣ መዳብና ዚንክ የሚበዛበት ድንጋይ ነው። ቦርከናም ሆነ በሰሜን በኩል ያሉት ሚሌ፣ አላ ውኃና ጎሊና የሚያወርዱት ደለል በአብዛኛው ከዚሁ ድንጋይ የተፈጨ ነው። ፋብሪካ አይቶ የማያውቅ ማሳ እንኳ እነዚህን ብረቶች በብዛት ሊይዝ ይችላል ማለት ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ በብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚታየው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመው የተሬኪያንና የቬደፖል ሰንጠረዥ ላይ ያለውን የሼል ድንጋይ (ጭቃ ጠጥሮ የሚሠራው ድንጋይ) አማካይ መውሰድ። እዚያ ላይ ክሮሚየም 90፣ ኒኬል 68፣ መዳብ 45፣ ዚንክ 95፣ እርሳስ 20 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው። ይህ ለወሎ አይሆንም። ያው ሰንጠረዥ ለባዛልት የሚሰጠው ክሮሚየም 170፣ ኒኬል 130፣ መዳብ 87፣ ዚንክ 105፣ እርሳስ 6 ነው። ልዩነቱ ምን እንደሚያመጣ በቁጥር እንየው። አንድ ናሙና 200 ሚሊ ግራም ክሮሚየም ተገኘበት እንበል። የጂኦ ክምችት መለኪያ የሚባለው ስሌት ውጤቱን ለመነሻ ልኩ 1.5 እጥፍ አካፍሎ በ2 መሠረት ሎጋሪዝሙን መውሰድ ነው። በሼል ልክ ሲሰላ 0.57 ይመጣል፤ «ከንጹሕ እስከ መካከለኛ ብክለት» ይባላል። በባዛልት ልክ ሲሰላ ደግሞ ከዜሮ በታች 0.35 ይሆናል፤ ንጹሕ ነው። አፈሩ ያው ነው፤ የተለወጠው አካፋዩ ብቻ ነው። የእርሳስ ነገር ደግሞ ተቃራኒ ነው፦ በሼል 20 የተሰላ እርሳስ በባዛልት አገር እውነተኛውን ብክለት ይሸፍናል።

የውጭ አገር የአፈር ገደቦችን እንዳሉ መለጠፍም ከዚሁ ስሕተት ይመደባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1986 የፍሳሽ ዝቃጭ ለሚደፋበት የእርሻ አፈር ያወጣው የኒኬል ገደብ ከ30 እስከ 75 ነው። በዚያ ገደብ ቢሄዱ ፋብሪካ በሌለበት ተራራ ላይ ያለ የባዛልት አፈር እንኳ «የተበከለ» ተብሎ ቀይ ሊቀባ ነው። አርሶ አደሩን ያለ ምክንያት ማስደንገጥ ቀላል ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው አማራጭ የባዛልቱን አማካይ መውሰድ ነው። ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ነገር ግን የድንጋይ ልክ እንጂ የአፈር ልክ አይደለም። ድንጋይ አፈር እስኪሆን ካልሲየምና ማግኒዚየም ይታጠባሉ፤ ክሮሚየምና ቲታኒየም ግን ይቀራሉ፤ ስለዚህ መጠናቸው ከድንጋዩም ከፍ ሊል ይችላል።

ሦስተኛው እዚያው ማሳ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ከታች ያለውን «ከፋብሪካ በፊት የተኛ» ደለል እንደ መነሻ መያዝ ነው። በብዙ አገር የሚሠራ ዘዴ ነው። ጨፋ ላይ ግን ዋልካ አፈር አለ። ዋልካ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ የላዩ አፈር፣ ፍግና ገለባ ሳይቀር ስንጥቁ ውስጥ ይወድቃል፤ ዝናብ ሲመጣ አብጦ ይዘጋበታል። ይህ ዓመት በዓመት ሲደጋገም ላይና ታች ይቀላቀላል። በዋልካ ላይ ከ80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የተነሳ ናሙና የድሮ ደለል ነው ብሎ መማል አይቻልም። ዘዴው የሚያስኬደው ደለሉ ከስስ እስከ ወፍራም በንጣፍ ተደራርቦ ሲታይ፣ ማለትም በወንዙ ትከሻ (ሙላት ደለል እያራገፈ ከፍ ባደረገው ዳር) ላይ ባለው አሸዋማ አፈር ነው።

አራተኛውና የምንመክረው ብክለት ከማይደርስበት፣ ድንጋዩና የአፈሩ ልስላሴ ግን ከሚመሳሰል የወንዝ ዳር ናሙና መሰብሰብ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ከኮምቦልቻ በላይ» ማለት ንጹሕ ማለት አይደለም፤ ከላይ ደሴ አለች፤ የከተማ ቆሻሻ፣ የጋራዥ ዘይትና የቀለም እርሳስ በዚያው በቦርከና ይወርዳል። ስለዚህ መነሻው ከዋናው ወንዝ ሳይሆን ከተማ ከሌለባቸው ገባሮች ዳር ይነሳ። ቢያንስ 20፣ ቢቻል 30 ናሙና ይያዝ። ከዚያ አማካይ ሳይሆን መሃከለኛው ቁጥር (ውጤቶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ይወሰድ፤ ላይኛው ወሰን ደግሞ መሃከለኛው ላይ ሁለት እጥፍ የመሃከለኛ ልይይት (ውጤቶቹ ከመሃከለኛው የሚርቁበት መጠን መሃከለኛ) ተጨምሮ ይሰላ። አማካይን አንድ የተበላሸ ናሙና ብቻውን ሊጎትተው ይችላል፤ መሃከለኛውን ግን አይነቀንቀውም።

የአፈሩ ልስላሴ ማነጻጸሪያውን እንደሚያዛባም ይታሰብ። የቆቦና የጊራና ወንዞች በደራሽ ጎርፍ አሸዋና ጠጠር ያለብሳሉ፤ ጨፋ ላይ የሚተኛው ግን ሸክላ ነው። ብረት የሚጣበቀው በደቃቁ ላይ ስለሆነ የቆቦ አሸዋ «ንጹሕ»፣ የጨፋ ሸክላ «ቆሻሻ» መስሎ ይታያል። መፍትሔው ወይ ሁሉንም በ63 ማይክሮን ወንፊት አልፎ ደቃቁን ብቻ መለካት፣ ወይ እያንዳንዱን ብረት ለአሉሚኒየም አካፍሎ ማነጻጸር ነው። ብረትን፣ ማለትም ራሱን አይረንን፣ ለዚህ አካፋይ ባትጠቀሙ ይሻላል። በረግረግ አፈር ውስጥ ውኃ ሲተኛ ይሟሟል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይቀመጣል፤ አንድ ቦታ አይረጋም።

ናሙናው ከየት ይነሳ? ፍርግርግ፣ መስመር ወይስ በመሬቱ ገጽ?

12 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 1.5 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የወንዝ ሜዳ እናስብ፤ 18 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በየ500 ሜትሩ ፍርግርግ ቢጣልበት 72 ነጥብ ይወጣል። ለዓይን ደስ ይላል፤ ካርታ መሥራትም ያቀላል። ነገር ግን ደለል በብዛት የሚራገፈው ከወንዙ ዳር ባለው ጠባብ ትከሻ ላይ ነው። ትከሻውን ግራና ቀኝ 50 ሜትር ብንለው 1.2 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ከ72ቱ ነጥቦች እዚያ ላይ የሚወድቁት 5 ገደማ ናቸው። ዋናው ነገር ያለበትን ቦታ በ5 ነጥብ፣ ምንም የሌለበትን ሜዳ በ67 ነጥብ ማጥናት ይሆናል። ፍርግርጉን በየ250 ሜትር ማጥበቅ ይቻላል፤ ነጥቡ 288 ይደርሳል፤ ወጪውም አብሮ።

ወንዙን አግድም እየቆረጡ የሚሄዱ መስመሮች የተሻሉ ናቸው። በየመስመሩ ከዳሩ በ5፣ በ20፣ በ50፣ በ100፣ በ200፣ በ400 እና በ700 ሜትር ላይ አንዳንድ ነጥብ ይወሰዳል። ስምንት መስመር 56 ነጥብ ነው። ብክለቱ ከወንዙ እየራቁ ሲሄዱ እንዴት እንደሚወርድ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። መስመሮቹ እኩል መራራቅ የለባቸውም፤ ከፋብሪካ የሚመጣ ገባር ከሚገባበት በታች ይጥበቁ፣ ወደ ታች ሲሄዱ ይስፉ። ድክመቱ በሁለት መስመር መካከል ያለውን የድሮ የወንዝ መሄጃ መዝለሉ ነው፤ ያ ደግሞ ደቃቅ ደለል የሚከማችበት ጎድጓዳ ነው።

ስለዚህ ለቦርከና የምንመርጠው በመሬቱ ገጽ መክፈልን ነው። ሜዳውን መጀመሪያ በአምስት ይክፈሉት፦ የወንዙ ትከሻ፣ ከትከሻው ኋላ ያለው ረግረግ፣ የድሮ የወንዝ መሄጃ፣ ሙላት የማይደርስበት ከፍ ያለ የድሮ እርከን፣ በሞተር የሚጠጣ ማሳ። በእያንዳንዱ 12 ነጥብ ይጣሉ፤ 60 ይሆናል። አምስተኛው ክፍል አይዘለል። በበጋ የወንዙ ውኃ ሲያንስ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ድርሻው ይበዛል፤ ሞተር የሚጎትተው ያንኑ ነው። ሙላት ደርሶበት የማያውቅ ማሳ በቦይ ብቻ ሊበከል ይችላል፤ የጎርፍ ካርታ ላይ ግን አይታይም።

ክፍሎቹን ለመለየት የሳተላይት ምስል ይረዳል፦ የሴንቲኔል 2 ምስል 10 ሜትር ድረስ ያሳያል፤ የሴንቲኔል 1 ራዳር ደግሞ በነሐሴ ደመና ውስጥ እንኳ የተኛውን ውኃ ያነባል። በ30 ሜትር የከፍታ ሞዴል ግን ትከሻውን እለያለሁ አይበሉ፤ የሞዴሉ ስሕተት ራሱ ከትከሻው ከፍታ ይበልጣል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ማሳው ላይ የኖረ ሰው ነው። «ሙላቱ እስከየት ይደርሳል? ወንዙ ድሮ በየት ነበር የሚሄደው? ይህን ማሳ በምን ታጠጣለህ?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ለማሳው ፈቃድ የሚጠየቀውም በዚያው ነው።

ከነጥብ የሚወጡ ቦታዎችም አሉ፦ ከአዲስ አበባ ደሴ አስፋልት 100 ሜትር የማይርቅ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ የሚያንጠባጥብበት፣ አሸዋ የተቆፈረበት፣ የፀረ ተባይ ጆንያ የሚታጠብበት። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ከሥሩ የተነሳ ናሙና ስለ ቦርከና ምንም አይናገርም።

ማሳው ላይ

ጊዜው ከታኅሣሥ እስከ ጥር ይሁን፤ የክረምቱ ሙላት ሸሽቷል፣ የበልጉ ዝናብ አልገባም። ለእርሻ አፈር ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይነሳ። ለግጦሽ ግን ከ0 እስከ 5 ይበቃል፤ ከብት ከሣሩ ጋር የሚውጠው የላዩን ነውና። በእያንዳንዱ ነጥብ አምስት ንዑስ ናሙና ተቀላቅሎ አንድ ኪሎ ይሞላ። ትከሻ ላይ አምስቱን በክብ አይውሰዱ፤ ከወንዙ ጋር ጎን ለጎን በአንድ ረድፍ ይደርድሯቸው። በክብ ከተወሰዱ ሁለቱ ትከሻ፣ ሦስቱ ረግረግ ይሆኑና ናሙናው የሁለቱም ሳይሆን ይቀራል።

ዶማው ቀለም የተቀባ ወይም የተለበጠ ከሆነ አይሆንም። ያለበለዚያም አፈሩን በዶማ ገምሶ፣ ብረቱ የነካውን ገጽ በእንጨት ማንኪያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ፍቆ መጣል፣ ከውስጥ ያልተነካውን ማንሳት ነው። በትከሻው አሸዋማ አፈር ላይ የተገመሰው ግድግዳ ሲታይ ነጣ ያለ የአሸዋ ሰንበር፣ በላዩ ጠቆር ያለ የጭቃ ሰንበር፣ እንደገና አሸዋ ተደርቦ ይታያል፤ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ሙላት ነው። ከ0 እስከ 20 ሲነሳ ሁሉም ሰንበር እኩል እንዲገባ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ቁራጭ ይቆረጥ። ጠቆር ያለውን መርጦ መዛቅ ውጤቱን ሰው ሠራሽ ያደርገዋል።

ናሙናው ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት ይፈልጋል። የነጥቡ ቁጥር በመጻፊያ እርሳስ ወረቀት ላይ ተጽፎ በሁለቱ መካከል ይገባል። ከረጢቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ በእርጥብ ዋልካ ተሽቶ ይጠፋል፤ ቁጥሩ የጠፋ ናሙና ደግሞ አፈር እንጂ ናሙና አይደለም። በየአስሩ አንዱ ነጥብ በድጋሚ፣ በአዲስ አምስት ንዑስ ናሙና ይነሳ። ይህ ድጋሚ የሚነግረው የላቦራቶሪውን ሳይሆን የማሳውን ልይይት ነው።

መጋጠሚያውን በስልክ ጂፒኤስ መያዝ ይበቃል፤ ስሕተቱ አምስት ሜትር ገደማ ነው። የሚያጠፋው ሌላ ነው፦ የአገራችን 1፡50,000 ካርታዎች በአዲንዳን ዳተም (የመጋጠሚያ መነሻ ሥርዓት) የተሠሩ ሲሆኑ ስልኩ የሚሰጠው በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱ ሳይለወጡ አንድ ላይ ሲጫኑ ነጥቡ ወደ 200 ሜትር ይሸሻል። በዚህ ሽሽት የትከሻ ናሙና ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ሊያርፍ ይችላል። በዩቲኤም መጋጠሚያ የወሎ ቀጠና 37 ሰሜን ነው።

ዋልካን ማድረቅ ብልሃት ይጠይቃል። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ድንጋይ ይሆናል፤ እርጥብ ሲሆን ይጣበቃል። እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው፣ ሳይጠጥር፣ በጓንት ይፈርፈር፤ ከዚያ ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ይድረቅ። ከዚያ በላይ ከሞቀ ሜርኩሪ ይተናል። ወፍጮው የአረብ ብረት ከሆነ ክሮሚየምና ኒኬል ይጨምራል፤ የአጌት (ጠንካራ ድንጋይ) ወይም የሸክላ ሙቀጫ ይሻላል። በ2 ሚሊ ሜትር የናይለን ወንፊት ካለፈ በኋላ ከምሮ በአራት እየከፈሉ 200 ግራም ማስቀረት ነው። 90 ናሙና በኪሎ በኪሎ ሲጫን ወደ አንድ ኩንታል ይጠጋል፤ በ200 ግራም ግን 18 ኪሎ ብቻ ነው።

የትኛው መለኪያ?

በእጅ የሚያዘው የኤክስሬይ መለኪያ፣ ኤክስአርኤፍ፣ በቀን ብዙ ናሙና ያነባል፤ አሲድ አይፈልግም፤ ናሙናውንም አያጠፋም። ለእርሳስ፣ ለዚንክና ለመዳብ አስተማማኝ ነው፤ ለክሮሚየም በጥንቃቄ፤ ለካድሚየም ግን አይሆንም። ካድሚየም ከአንድ ሚሊ ግራም ጀምሮ ያሳስባል፤ መሣሪያው የሚያየው ከዚያ ብዙ እጥፍ ሲደርስ ነው። «ካድሚየም አልተገኘም» የሚል የኤክስአርኤፍ ውጤት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ መሣሪያው አላየም ማለት ነው።

በወሎ አፈር ላይ ደግሞ የተለየ ችግር አለው። ባዛልት ቲታኒየምና ቫናዲየም ይበዛበታል። የቲታኒየም ሁለተኛ ጨረር ከቫናዲየም ጋር፣ የቫናዲየም ሁለተኛ ጨረር ከክሮሚየም ጋር ይደራረባል፤ ክሮሚየም ያለ ልኩ ከፍ ሊል ይችላል። አርሰኒክና እርሳስም እንዲሁ በአንድ ቦታ ላይ ይነባበራሉ፤ እርሳስ በበዛበት ናሙና የአርሰኒክ ቁጥር አይታመን። እርጥበት ከ20 በመቶ ካለፈ ንባቡ ይወርዳል፤ ስለዚህ ማሳ ላይ ቀጥታ ማንበብ ቦታ ለመምረጥ ብቻ ነው። ካርታ ላይ የሚገባው ደርቆ፣ ተነፍቶ፣ በጽዋ ተሞልቶ ከ60 እስከ 120 ሴኮንድ የተነበበው ነው። መሣሪያው የጨረር ፈቃድም ይጠይቃል።

ላቦራቶሪ ከሆነ ምርጫው አቶሚክ አብዞርፕሽንና አይሲፒ በሚባሉት መሣሪያዎች መካከል ነው፤ ሁለቱም የሚለኩት በአሲድ የተሟሟ ናሙና ነው። አቶሚክ አብዞርፕሽን ባለ ነበልባሉ በየተራ አንድ አንድ ብረት ይለካል። ሦስት ብረት ብቻ ለሚፈልግ ይበቃል፤ ለካድሚየም ግን ባለ ግራፋይት ምድጃው ያስፈልጋል። አይሲፒ በአንድ ጊዜ ብዙ ያነባል። አሉሚኒየም ለንጽጽር ከፈለጉ ደግሞ አብሮ ይወጣል፤ በዚህ ምክንያት ከአምስት ብረት በላይ ሲሆን አይሲፒን እንመርጣለን።

ከመሣሪያው ይልቅ አሟሟቱ ይጠየቅ። የተለመደው አኳ ሬጂያ፣ ሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክና አንድ እጅ ናይትሪክ አሲድ፣ የባዛልትን ጠንካራ ማዕድን ሙሉ በሙሉ አያሟሟም። ክሮማይት በሚባለው ማዕድን ውስጥ ያለው ክሮሚየም ሳይሟሟ ይቀራል። ኤክስአርኤፍ ግን ያንንም ያያል። ስለዚህ በአንድ ናሙና ላይ ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ቢሰጡ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ጥፋቱ የሁለቱን ቁጥር አንድ ካርታ ላይ መቀላቀል፣ ወይም የአኳ ሬጂያን ውጤት በጠቅላላ መነሻ ልክ ማካፈል ነው። መነሻ ልኩና ናሙናው በአንድ ዓይነት አሟሟት፣ ቢቻል በአንድ ላቦራቶሪ፣ ይለኩ።

ከናሙናዎቹ መካከል ልኩ የታወቀ ማረጋገጫ አፈር ይግባ። የአሜሪካው የመለኪያ ተቋም (ኒስት) የሚያዘጋጀው 2709ኤ የተባለው ክሮሚየም 130፣ ኒኬል 85፣ ዚንክ 103 ይዟል፤ ከተበከለ የማዕድን አካባቢ ከመጣ ማረጋገጫ ይልቅ ለባዛልት አፈር ይቀርባል።

የቆዳ ፋብሪካ የሚጠቀመው ሦስተኛውን የክሮሚየም ዓይነት (ክሮሚየም 3) ነው፤ አደገኛው ደግሞ ስድስተኛው (ክሮሚየም 6) ነው። ኤክስአርኤፍም አይሲፒም ሁለቱን አይለዩም። የጠቅላላ ክሮሚየም ካርታ ላይ «መርዛማ ክሮሚየም» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ ስድስተኛውን ለማወቅ በአልካሊ የሚሟሟ የተለየ ምርመራ ያስፈልጋል።

ለአትክልቱ ጥያቄ 10 ግራም አፈር በ20 ሚሊ ሊትር ዲቲፒኤ ለሁለት ሰዓት መነቅነቅ የታወቀው አሠራር ነው። የተሠራው ፒኤቹ ለገለልተኛ ለቀረበ አፈር ስለሆነ ለጨፋ ዋልካ ይስማማል። ቅጠሉ ሲመረመር ግን አንድ ከባድ ስሕተት ይደጋገማል። የኮዴክስ (የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) ገደብ፣ ለቅጠላ ቅጠል እርሳስ 0.3፣ ካድሚየም 0.2 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ የተቆጠረው በእርጥቡ አትክልት ነው። ላቦራቶሪው የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ የደረቀውን ነው። ሰላጣ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ ሳይለወጥ ከተነጻጸረ ውጤቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ይጋነናል።

ከነጥብ ወደ ካርታ

ነጥቡ ከ60 ካነሰ የሚሻለው ቀላሉ ነው፦ እያንዳንዱን የመሬት ክፍል በመሃከለኛ ቁጥሩ ቀብቶ፣ ነጥቦቹን በላዩ ማሳየት። ቅርጹ አያምርም፤ ውሸት ግን የለበትም።

በነጥቦች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በስሌት ከሚሞሉት ዘዴዎች አይዲደብሊው ማንም ሶፍትዌር ውስጥ አለ፤ በርቀት ብቻ ይመዝናል። ከፍ ያለ ውጤት በተገኘበት ነጥብ ዙሪያ ክብ ክብ ቀለበት ይሠራል፤ ቀለበቱ የብክለቱ ቅርጽ ሳይሆን የስሌቱ ነው። ደግሞም የማዶውን ናሙናና የእርከኑን ናሙና እንደ ጎረቤት ይቆጥራል። ሌላው የመሙያ ዘዴ፣ ክሪጊንግ፣ የነጥቦቹን ዝምድና ከመረጃው ይማራል፤ የስሕተት ካርታም አብሮ ይሰጣል። ነገር ግን 100 ያህል ነጥብ ከሌለ የሚማረው ዝምድና አይታመንም። ውጤቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚያጋድል መጀመሪያ ሎጋሪዝም ይወሰድ። ራንደም ፎረስት የሚባለው የማሽን ትምህርት ዘዴ የሳተላይት ምስልና ከፍታ ጨምሮ ደማቅ ካርታ ይሠራል፤ በ60 ነጥብ ግን ነጥቦቹን ይሸመድዳል እንጂ ሜዳውን አያውቅም። ፈተናውም በአንድ ነጥብ ሳይሆን አንድ ሙሉ መስመር ወይም አንድ ሙሉ የወንዝ ክፍል በማስቀረት ይሁን።

ክሪጊንግም ሆነ አይዲደብሊው የሚሻሻሉበት አንድ ዘዴ አለ፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እያንዳንዱን ነጥብ በምሥራቅና በሰሜን መጋጠሚያ ፈንታ በሁለት ሌሎች ቁጥሮች መግለጽ፦ ከላይኛው ድልድይ በወንዙ ተከትሎ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ከዳሩ ስንት ሜትር፤ የግራው ዳር በመቀነስ፣ የቀኙ በመደመር ምልክት። ወንዙ ቢጠማዘዝም በዚህ መለኪያ ቀጥ ይላል። ደለል በወንዙ ተከትሎ ሩቅ፣ ወደ ጎን ግን ጥቂት ስለሚሄድ ስሌቱ ይህን ዝንባሌ በትክክል ይይዛል። ካርታው ተሠርቶ ሲያልቅ ወደ መደበኛው መጋጠሚያ ይመለሳል። ሁሉም ኪውጂአይኤስና አር በሚባሉ ሶፍትዌሮች፣ ያለ ክፍያ፣ ይሠራል። ሙላትና መስኖ ከማይደርስበት መሬት በላይ ያለው የካርታ ክፍል ተቆርጦ ይውጣ።

የቀለሙ ደረጃ በመነሻ ልኩ ላይኛ ወሰን ይጀምር፦ ከወሰኑ በታች፣ እስከ ሁለት እጥፍ፣ እስከ አራት እጥፍ፣ ከዚያ በላይ። ቀዩን ከአራት እጥፍ በታች አያውጡት። መግለጫው ላይ ጥልቀቱ፣ አሟሟቱ፣ የወንፊቱ መጠን፣ የነጥቡ ብዛትና መነሻ ልኩ ከየት እንደተነሳ ይጻፍ።

በአቅም ልክ

ገንዘቡ ለ40 የላቦራቶሪ ናሙና ብቻ ከበቃ፦ 15 መነሻ ልክ፣ 21 በሦስት የመሬት ክፍል (ትከሻ፣ ረግረግ፣ በሞተር የሚጠጣ ማሳ)፣ 4 ድጋሚ። ካርታው በክፍል የተቀባ ይሁን። 15 ከላይ ከመከርነው 20 ያንሳል፤ ስለዚህ ላይኛው ወሰን ግምታዊ መሆኑ አብሮ ይጻፍ።

ኤክስአርኤፍ በውሰት ከተገኘና ለ40 የላቦራቶሪ ናሙና ገንዘብ ካለ፦ 150 ነጥብ ደርቆ ይነበብ፣ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ንባብ ተመርጠው 30 ወደ አይሲፒ ይሂዱ፤ አሟሟቱ ግን በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ጠቅላላ እንዲሆን ይጠየቅ። ከሁለቱ መሣሪያዎች ንባብ ንጽጽር ለእያንዳንዱ ብረት የማስተካከያ ቀመር ይወጣል። የሁለቱ ንባብ ዝምድና ከ0.9 ያነሰበት ብረት በኤክስአርኤፍ ካርታ አይሠራለትም። ቀሪው 10 ለካድሚየም ብቻ፣ በሞተር ከሚጠጣ ማሳ ይሁን፤ የፎስፌት ማዳበሪያም ካድሚየም ስለሚያመጣ የማዳበሪያው ዓይነትና መጠን ከባለማሳው ተጠይቆ ይመዝገብ።

የተረፈው 150 ግራም ገደማ አፈር አይጣል። በታሸገ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከነቁጥሩና ከነመጋጠሚያው፣ በደረቅ ክፍል ይቀመጥ። ከአምስት ዓመት በኋላ እነዚያው ነጥቦች ላይ ተመልሶ የሚያነሳ ሰው አዲሱንና አሮጌውን በአንድ ቀን፣ በአንድ መሣሪያ መለካት ይኖርበታል።